ድንጋይ የሆነው ሐረግ

ፊታውራሪ ጓንጉል ዓይናቸውን የጣሉበትን መሬት ሳይወስዱ አይመለሱም ነበር። አሁን ዓይናቸው ያረፈው አንዲት ሸክላ ሠሪ ጭቃ በምትቆፍርበት የወንዝ ዳር ላይ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ምላሷ ስለት ነው፤ ለማንም አትመለስም።

በመሬቱ ጉዳይ ሽማግሌዎች ፊት በሚከራከሩበት ቀን ፊታውራሪው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሸክመው መጡ። ድንጋዩ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ይታያል።

«ይኸው፣ ቅድመ አያቴ ወንዙ ዳር የተከሉት የወይን ሐረግ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። መሬቱ የሚገባው ለተከለው ሰው ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን በወጉ እንኳ ሳያዩ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ሴትዮዋ ግን ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ ተከተለችውና ከንፈሯን አጣመመች።

ፊታውራሪው ይህን አዩ። «ሐረግ ነው ካልሽ መሬቱን ልቀቂ። አይደለም ካልሽ ግን አባቶቼን ውሸታም ብለሻልና ትገረፊያለሽ። በይ ተናገሪ።»

«ጌታዬ፣ ሐረግ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሄ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው። ደግሞ ዞሮ መጥቶ የራሱን መንገድ ያቋርጣል። እኔ ጭቃ ላይ ሁልጊዜ የማየው ነው፤ ትል ጭቃውን እየበላ ያለፈበት ነው» አለች።

«እንግዲያው አባቶቼ ዋሽተዋል በያ።»

«ኧረ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። የአባቶችዎ ምልክት መሆኑንማ አምናለሁ። እነሱም አንድ ነገር እንኳ ሳይተክሉ ነው ያገኙትን ሁሉ እየበሉ ያለፉት።»