ትርንጎ መርፌ ተከለከለች

ስሙኝማ። የምነግራችሁ የአንዲት መርፌ ነገር ነው። መርፌ ምን አላት ብላችሁ ጆሯችሁን እንዳትነፍጉኝ፤ እኔ በዚች መርፌ ስንት ቀን ስናደድ ከርሜያለሁ።

በአንድ የሕፃናት ልብስ ፋብሪካ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዲት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የሕፃን ሱሪ ሰፍታለች። አንድ ቀን ጠዋት ቀጭ ብላ መርፌዋ ተሰበረች። ትርንጎ አልደነገጠችም። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች፤ ከወንበሯ ግን አልተነሳችም። ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ በዝግታ ዳበሰች፤ ስብርባሪውን አንድ ሁለት ሦስት ብላ ለቀመች፤ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፋ ወደ መጋዘን ሄደች። የፋብሪካው ደንብ ይኸው ነው፤ ስብርባሪውን አሟልቶ ያመጣ አዲስ መርፌ ይወስዳል። ስብርባሪው ከጠፋ ግን ሲሰፋ የነበረው የሱሪ ጥቅል በሙሉ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበትና እስኪገኝ ድረስ ከበር አይወጣም። የሕፃን ሱሪ ነዋ፤ የመርፌ ጫፍ የት እንደሚገባ የወለደ ያውቀዋል።

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ መርፌ ይስጡኝ» አለቻቸው ባለ መጋዘኑን።

ጋሽ ገዛኸኝ ስብርባሪውን ገጣጥመው አዩት፤ ምንም አልጎደለም። እጃቸው ግን ወደ መርፌው ሳጥን አልሄደም። «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ወረቀት መርፌ እንዳትሰጥ ተብያለሁ። ከተቆጣጣሪሽ ከዘርፌ አጽፈሽ ነይ።»

«እኔን አያውቁኝም?»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ፤ ወረቀትሽን ነው ያላየሁት።»

ገዛኸኝ መርፌ አይሰጡ፤ ትርንጎ አትሰፋ። ሥራ የፈታች መኪና ደግሞ የምትጠበቀው እስከ ምሳ ብቻ ነው። ከዚያ ለሌላ ትሰጣለች፤ የነበረችባትም ሰፊ ክር ቆራጭ ትሆናለች። ዘጠኝ ዓመት ሰፍቶ ክር መቁረጥ! ትርንጎ ይህን እያሰበች እየተጣደፈች ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄደች።

«ዘርፊዬ፣ ወረቀት ጻፊልኝ፤ ጋሽ ገዛኸኝ መርፌ አልሰጥም አሉኝ።»

ዘርፌን ሥራውን ያስለመደቻት ራሷ ትርንጎ ናት። ይሁንና ዘርፌ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አላወረደችም። «አሰልጣኙ ካልፈቀደ አልጽፍም፣ ትርንጎዬ። በቪዲዮ የሚሰጠውን አዲሱን ሥልጠና ያላለፈች መርፌ እንዳትነካ ተብሏል።»

ዘርፌ ወረቀት አትጽፍ፤ ገዛኸኝ መርፌ አይሰጡ፤ ትርንጎ አትሰፋ።

አሰልጣኙ ናሆም ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ነው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይውላል፤ ስፌት መኪና ላይ ግን ለአንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። «ልጄ፣ ፍቀድልኝ፤ ዘርፌ ያላንተ ፈቃድ አልጽፍም አለች» ብትለው ፈገግ አለ።

«እኔ መቼ ከለከልኩዎ፣ እናቴ? ቪዲዮው አረንጓዴ ካበራልዎ ወዲያው እፈቅዳለሁ። ዝም ብሎ የሚታይ ቪዲዮ አይደለም፤ ይጠይቅዎታል። እርስዎ ስክሪኑን በጣትዎ ሲነኩ ውስጥ ያለችው ሴት ያዘዟትን ታደርጋለች።»

ናሆም አይፈቅድ፤ ዘርፌ ወረቀት አትጽፍ፤ ገዛኸኝ መርፌ አይሰጡ፤ ትርንጎ አትሰፋ። ይሁን ብላ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

በስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት የተተኮሰ ጋዋን ለብሳ ትሰፋለች። መርፌዋ ተሰበረች። «አሁን ምን ታድርግ?» አለ ቪዲዮው። ሦስት ምርጫ ወጣ፦ ተነስታ ለተቆጣጣሪዋ ትናገር፤ ተነስታ ሌላ መርፌ ታምጣ፤ ተነስታ ሌላ መኪና ላይ ትቀመጥ።

ትርንጎ ሦስቱንም ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። «የማትነሳዋስ የት አለች?»

«የቷ?»

«ቁጭ የምትለዋ። ስብርባሪው እኮ ጭኗ ላይ ነው። ብድግ ካለች ይወድቃል፤ ከወደቀ ማን ያገኘዋል? መጀመሪያ ትቀመጥ፣ ስብርባሪውን ትልቀም፣ ከዚያ ትነሳ።»

«መቀመጥ የሚል ምርጫ የለም። የመጀመሪያውን ይንኩትና ይገላገሉ።»

የትርንጎ ደም ፈላ። ስንቷን አዲስ ገቢ ትከሻዋን ይዛ «ቁጭ በይ» ስትል የኖረች ሴት አሁን በገዛ ጣቷ «ተነሺ» ልትል ነው? አልነካችም። ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ ቀይ በራ፤ «አላለፉም፤ ይድገሙ» አላት። ደገመች፤ አሁንም አልነካችም። አሁንም ቀይ።

«እሺ፣ ቪዲዮውን አስተካክለው።»

«ሥራ አስኪያጁ ካላዘዙ አንዲት ፊደል አልነካም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ንዋይ ግቢው ውስጥ ጭነት መኪና ሲጫን ቆመው ነበር። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰሟትም። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ዛሬ ጭነት አለብኝ። የወሰዱት ሁሉ ያለፉትን ሥልጠና እርስዎ ብቻ ምን ሆነው ነው የወደቁት?» ብለው ጀርባቸውን ሰጧት።

እንግዲህ ፍረዱ። ንዋይ አያዝዙ፤ ቪዲዮው አረንጓዴ አያበራ፤ ናሆም አይፈቅድ፤ ዘርፌ ወረቀት አትጽፍ፤ ገዛኸኝ መርፌ አይሰጡ፤ ትርንጎ አትሰፋ። ሁሉም «እኔ ምን ላድርግ» ይላል፤ የሚያደርገው ግን አጥቶ አይደለም። ትርንጎ ተመልሳ ከመኪናዋ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ለምሳ ጥቂት ሲቀር አበዛሽ የምትባል አዲስ ሠራተኛ መርፌዋ ተሰበረችባት። አበዛሽ ቪዲዮው አረንጓዴ ያበራላት ጎበዝ ናት፤ እንደተማረችው ብድግ ብላ ወደ ዘርፌ ሮጠች።

«ስብርባሪውስ?» አለች ዘርፌ።

አበዛሽ ቀሚሷን አየች፣ መሬቱን አየች። የመርፌዋ ጫፍ የለም። ጥቅሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። ጥቅሉ ካልወጣ ጭነቱ አይሞላ፤ ጭነቱ ካልሞላ መኪናው አይሄድ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህ አቶ ንዋይ እየሮጡ መጡ። ዘርፌም ናሆምም ጋሽ ገዛኸኝም ተንበርክከው ፈለጉ፤ አላገኙም።

ትርንጎ ሱሪውን የሚለብሰውን ሕፃን እግር አሰበችና ቂሟን ትታ ቀረበች። «አበዛሽ፣ እንደ ነበርሽው ቁጭ በይ። አሁን እንደ ቅድሙ ተነሺ።» አበዛሽ በቀኝ በኩል ብድግ ስትል ጨርቁ ከጭኗ በግራ ተንሸራተተ። ትርንጎ በግራ ካለው ቅርጫት ላይኛውን ሱሪ አንስታ ወገቡን በጣቷ ዳበሰች። ጫፏ ላስቲኩ የሚገባበት እጥፋት ውስጥ ተሰክታ ነበር።

«ጋሽ ገዛኸኝ፣ ለትርንጎ መርፌዋን አሁኑኑ ይስጧት» አሉ አቶ ንዋይ።

«አልወስድም» አለች ትርንጎ። «ይችን ልጅ ተነሺ ያላት ማን ነው? ዛሬ እኔ መርፌ ይዤ ብቀመጥ ነገ ሌላዋ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ ጫፉን የሚያገኘው ሕፃኑ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮው ይስተካከል።»

የምሳ ደወል ሊደወል ነበር፤ ስፌት መኪናዋም ልትወሰድባት። ትርንጎ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጫፏም ገና በእጇ ነበረች፤ እሷ ሳታስረክብ ቀዩ ጨርቅ አይፈታም። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ።

ያኔ ንዋይ አዘዙ፤ ናሆም ከሦስቱ ምርጫ በላይ «ቁጭ ብላ ስብርባሪዋን ትልቀም» ብሎ ጻፈ፤ ትርንጎ ነካችው፤ ቪዲዮው አረንጓዴ አበራ፤ ናሆም ፈቀደ፤ ዘርፌ ወረቀት ጻፈች፤ ገዛኸኝ መርፌ ሰጡ፤ ትርንጎ ሰፋች።

ተረቴ አለቀ። ንዴቴ ግን አላለቀም፤ ከአራቱ አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቋትም።