የሰንበሌጥ ሜዳ የብረት ግምት

በአርሲ ስንዴ አገር፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል መንደር፣ የአሮጌ ብረት ዋጋ በተጠየቀበት ቀን አይነገርም። ገማቹ ብረቱን በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ያዳምጥና «ነገ ተመለስ» ይላል፤ ጠያቂውም ሳያጉረመርም ይሄዳል። ከከተማ የመጡ አዋቂዎች ይህን ስንፍና ብለውታል። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ጥልቅ ሙያ እንዳለው፣ የጀመረውም ከጋሽ አጥላባቸው እንደሆነ ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ ጋሽ አጥላባቸው በአካባቢው በነበረው የመንግሥት እርሻ ማረሻ ገጣሚ ነበሩ። እርሻው ፈርሶ ሠራተኛው ሲበተን፣ የትራክተር ማረሻዎቹ በየሰዉ ጓሮ ሣር በቅሎባቸው ቀሩ፤ እሳቸውም ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው በባዶው መጋዘን ቀሩ። ማረሻ መሸጥ የፈለገ ሁሉ በበሬ እያስጎተተ ወደ እሳቸው ያመጣ ነበር። መሬቱን የሚገለብጠውን ክብ ብረት፣ የዲስኩን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው፣ ስንት ክረምት እንዳረሰ፣ ብረቱ የጥንቱ ይሁን በኋላ የተቀየረ፣ ድንጋይ መትቶት ፍሬሙ መጣመም አለመጣመሙን ለይተው፣ ዋጋውን ወዲያው ይናገራሉ። ሰዉም አመስግኖ ወዲያው ይሄዳል። ይህን ሁለት ዓመት ያህል ካጤኑ በኋላ፣ ዋጋውን ያወቀ ሰው እንደማይቀመጥ ደረሱበት ይባላል፤ በግምት ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ግኝት እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ከዚያ ወዲህ ሙያው ረቀቀ። ፀሐይ ሲሆን ብረቱ ሞቋል፣ ደመና ሲሆን ቀዝቅዟል፣ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ድምፁ አይለይም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ነገ ተመለስ» ሆነ። አንድ ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ከመስከረም እስከ ጥር ተገምቷል። ጠያቂው እየተመላለሰ ስለ ላሙ ወተት፣ ስለ ሚስቱ ወገብ ሕመም ሲያወራ፣ እሳቸው ብረቱን እያንኳኩ ያዳምጣሉ።

በኋላ ወይዘሮ ዘርትሁን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ሸጣ ክረምት ሳይገባ ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስ አስባ መጣች። ስድስት ቀን ተመላለሰች። በሰባተኛው ቀን ደመናው ተራራውን ሸፍኖት ነበር።

«ጋሽ አጥላባቸው፣ ዋጋውን በመጀመሪያው ቀን አውቀውታል» አለቻቸው። «ዝናቡ እላዬ ላይ ሊገባ ነው፤ ይንገሩኝና ልሽጠው። እኔ እርስዎ ዘንድ ለመምጣት ማረሻ አያስፈልገኝም።»

የሚያንኳኩበትን ድንጋይ አስቀምጠው ነገሯት። ሸጠችው፤ ጣራዋም ቆርቆሮ ለበሰ። በማግስቱም እንዳለችው ባዶ እጇን መጣች። ይሁንና የሚንኳኳ ብረት በመካከላቸው ስላልነበረ፣ ጋሽ አጥላባቸው የሚሉት ጠፍቷቸው ሁለቱም እስከ ቀትር መሬት መሬት ሲያዩ አረፈዱ ይባላል። ልትሄድ ስትነሣ ግን ደንገጥ ብለው የቤቷን ቁልፍ ጠየቋት፤ ተቀብለውም በጠጠር መታ መታ አደረጉና አዳመጡ።

«ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚገመት አይደለም» አሏት። «ነገ ተመለሺ።»

«ታዲያ ቤቴ በምን ልግባ?»

«ያዥው፤ ነገ ግን ይዘሽው ነይ።»

ስለዚህ ዛሬም በሰንበሌጥ ሜዳ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ የተሰበረ ማጭድ፣ የድስት ክዳን፣ የዲስክ ስባሪ ይዞ «ይገምቱልኝ» ማለት ወግ ሆኗል። ልማዱ ምን ያህል እንደጸና ማየት የሚሻ በየደጁ ይለፍ፤ በአንዳንዱ ሽማግሌ ደጃፍ ስድስት ሰባት ቁራጭ ብረት ተደርድሮ ያገኛል። ሁሉም ተገምቶ አልቋል። ባለቤቶቹ «ነገ እንመጣለን» ብለው ከሄዱ ግን ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።