ለቅሶ የከለከለው ሰው

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ቆይ ልጄ፣ ጥያቄሽን ዘንግቼ አይደለም። «የአሜሪካ ፊልምና ዘፈን የእኛን ወግ ያጠፋዋል ወይ?» አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ሀብታም ከተማ ገብቶ የከበረ የገበሬ ልጅ ነው። የአሜሪካ ፊልም ከመውደዱ የተነሣ አረማመዱ እንኳ ተለውጦ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ አባቱን ይወዳል። ሥራ እየበዛበት ግን ሄዶ ሳይጠይቀው ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። አንድ ቀን «አባትህ አረፉ» ተብሎ ተረዳ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለው። እህል አይወርድለት፣ እንባ አይመጣለት።

ያም ሆኖ አባቱን በክብር መቅበር ፈለገ። ክብር ሲባል የታየው በፊልም ያየው ቀብር ነው፦ ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር መነጽር፣ አበባ፣ በረድፍ የተደረደረ ወንበር፣ ኮሽታ የሌለበት። ወደ ትውልድ አገሩ ወርዶ ድንኳኑን እንደዚያው አሰናዳ። በር ላይ ዘበኛ አቁሞ፣ «የሚጮህ እንዳይገባ! ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ የለም። ሰው በሥርዓት ይሰናበት» አለ።

አገሬው መጣ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ከሩቅ የመጣው ሁሉ በር ላይ «እሽሽ!» ሲባል አፉን በነጠላው አፍኖ ገብቶ ተቀመጠ። ሬሳው ፊት ለፊት ተጋድሟል፣ ሰው እጁን አጣምሮ ያያል። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣

«ምንድን ነው፣ ስብሰባ ነው እንዴ?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ! ወንበሩስ የስብሰባ ነው።»

ሀብታሙ ተነሥቶ ከወረቀት አነበበ። አባቴ ደግ ነበሩ፣ ታታሪ ነበሩ፣ ለብዙዎች ምሳሌ ነበሩ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ድንጋዩም ንቅንቅ አላለም። ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈ። ያ ሁሉ ገበሬ ደግሞ ንግግር ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ከቀበሌ ስብሰባ ያውቃል። አጨበጨበ! ሬሳ ፊት! ድንኳኑ እስኪናጋ!

ሀብታሙ እንደ ቆመ ደርቆ ቀረ። «ለአባቴ ሞት ተጨበጨበ» አለ በልቡ።

ይሄኔ የአባቱ እህት ከሩቅ አገር ደረሱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አቧራ ለብሰው።

«እማማ፣ እዚህ ማልቀስ ክልክል ነው» አላቸው ዘበኛው።

«አዬ ልጄ! እንዲህ ከልካይ ከሆንክ ሞትን አትከለክለውም ነበር?» ብለው ገፍተውት ገቡ። ሬሳው አጠገብ ቆሙና ሙሾውን አወረዱት፦

«ሰው ሁሉን በጀርባው ሲያሻግር የኖረው፣
ዛሬ ወደ ማዶ ማን አዝሎ አሻገረው?»

ሀብታሙ ይህን ሲሰማ ወንዙ ትዝ አለው። ክረምት ሲሞላ አባቱ እያዘለ ትምህርት ቤት ያደርሰው ነበር፤ ደብተሩ እንዳይርስ ከረጢቱን በጥርሱ ነክሶ። በረድፍ ከተቀመጠው ሰው ብዙው በዚያው ጀርባ የተሻገረ ነው። መነጽሩን አውልቆ ጣለ።

«አባቴ! እኔንም አዝለህ ያሻገርከኝ! እኔንም!» ብሎ ሬሳው ላይ ወደቀ። ድንኳኑ በአንድ አፍ ጮኸ፤ ወንበሩ ተገለባበጠ። ቀብረው ሲመለሱ ሀብታሙ ንፍሮ ዘግኖ በላ፤ ከመርዶው ወዲህ እህል ሲወርድለት የመጀመሪያው ነበር። አበባውንስ ጣሉት? ኧረ የለም። የአባትየው እህት ራሳቸው መቃብሩ ላይ አስተካክለው፣ «ያምርበታል፣ ይሁን» አሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺም ነገር እንደዚሁ ነው። አሜሪካ መጥታ ያንን አገር ዝም አላሰኘችም፤ የገዛ ልጁ ነው በአፉ ላይ ዘበኛ ያቆመበት። የሰው አገር ነገር ካማረሽ እንደ አበባው አስገቢው፤ ቦታ አይጠፋለትም። ብቻ እሱን ስታስገቢ፣ ደጅ ላይ ማንን «እሽሽ» እንዳልሽ ዞር ብለሽ እይ።