ሰው ነክቶ የማያውቅ ሾፌር

አንድ ሰው ነበረ። ሚኒባስ ነበረው፤ ራሱም ይነዳው ነበር።

ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም፣ ልጄ። «ማንንም ሳላስቸግር የኖርኩ ሰው የሌላውን ጥፋት ለምን እሸከማለሁ?» ብለሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የጠየቅሽው ግን ተቆጥተሽ ነው፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ መልስ ፊት ለፊት ቢነግሩት አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ የሾፌሩን ስሚ።

ይህ ሰው ከቆላ ከተማ ወደ ደጋ ከተማ ሰው ያመላልስ ነበር። መንገዱ ክፉ ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ ቁልቁለቱ የማያልቅ። እርሱ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ ሰው አልገጨም፣ ከብት አልገጨም፣ የማንንም መኪና አልጫረም። አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ ጎማው ሳያልቅ ይቀይራል። ይህን ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ይናገረውም ነበር። እገሌ አደጋ ደረሰበት ሲባል «ምን ሆኖ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን ጠጥቶ?» ነው የሚለው። በአምስተኛው ዓመት በሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም «ሰው ነክቼ አላውቅም» ብሎ አስጻፈበት። ሰዎች እያነበቡ ይስቁ ነበር፤ እርሱ ግን የምሩን ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ኢንሹራንሱን ያሳድሳል። ግዴታ ነው፤ ያለ እርሱ ቦሎ አያገኝም፣ ቦሎ ያልለጠፈ መኪና ደግሞ ከመናኸሪያ አይወጣም። ወረቀቱ ላይ «የሦስተኛ ወገን መድን» ይላል። አንደኛው ወገን መድን ሰጪው፣ ሁለተኛው ባለ መኪናው፣ ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ሊጎዳው የሚችል ማንኛውም መንገደኛ መሆኑን የመድን ቢሮው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ አስረድታዋለች። እርሱም በየዓመቱ ይቀልድባታል። «ወገን ማለትማ ዘመድ ነው። እኔ ሁለት ወንድሞች ብቻ ናቸው ያሉኝ፤ ይሄ ሦስተኛው የማን ልጅ ነው?» ይላታል። ትስቃለች፣ ይስቃል፣ ከፍሎ ይሄዳል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ቀልዱን ጨርሶ ሒሳቡን ቢጠይቃት የመድኑ ዓመታዊ ክፍያ፣ አረቦኑ፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ተሳስታ መሰለው። አልተሳሳተችም።

«ዘንድሮ ጨምሯል፣ ጋሼ» አለችው። «አደጋ በዛ፤ መለዋወጫውም ሕክምናውም ተወደደ። የሁሉም ነው የጨመረው።»

«እኔ ማንን ገጨሁ?»

«ማንንም። የእርስዎ መዝገብ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ሰካራም በገጨው እኔ ልክፈል? ይሄማ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው!»

ዋጋውን ያወጣችው ጸሐፊዋ አይደለችም። ከኋላው ሰው ይጠብቅ ነበርና «አስበውበት ይመለሱ» አለችው በትሕትና።

እርሱ ግን ማሰብ አላስፈለገውም። ከቢሮው ውጪ አንድ ደላላ ይቆም ነበር፤ በግማሽ ዋጋ ትክክለኛውን የሚመስል ወረቀት ያሠራል። ሾፌሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ሰው በንቀት አይቶት ነበር የሚያልፈው። አሁን ሰነዶቹን በብብቱ ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ ልቡ የነበረው እዚያ ሰውዬ ዘንድ ነው። «አሥራ አንድ ዓመት ሕግ ማክበሬ ለዚህ ነው?» እያለ ያጉረመርማል። ተበደልኩ ያለ ሰው የማያደርገው ነገር ጥቂት ነው፣ ልጄ፤ ጥፋቱ ራሱ እንደ ካሣ ይታየዋል።

በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ሸበቶ ነው፤ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በደንብ አይዘረጋም።

«ያ ግቢ ውስጥ የቆመው ሚኒባስ ያንተ ነው?» አለው።

«አዎ። ምነው?»

«ጽሑፉን አውቀዋለሁ። ቦይ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት።»

ሾፌሩ ነገሩ አልገባውም፤ ቆመ።

«የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም፣ ቀትር ላይ» አለ ሸበቶው። «ከድልድዩ በላይ ባለው ቁልቁለት። እኔ ቲማቲም ጭኜ እወጣለሁ፣ አንተ ሰው ጭነህ ትወርዳለህ። ወደ እኔ መስመር ገባህብኝ። ጭንቅላትህ ወደ መሪው አዘንብሎ አየሁት። ደጋግሜ ክላክስ አደረግሁ። ሰው ሞልቶብሃል፣ በአንተ በኩል ገደል ነው፤ መሪዬን ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩት።»

የሚኒባሱ ሾፌር ያን ቀን አስታወሰው። ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም ነበር፤ በዚያ ላይ ሙቀት። ሸለብ አድርጎት የነቃው በክላክስ ነው። ቀና ቢል ከፊቱ መንገዱ ክፍት ነው፤ ተሳፋሪው በሙቀቱ አንቀላፍቷል፤ ከኋላ አንዲት ሴት ብቻ «ኧረ!» ብላ ነበር፣ በእንቅልፍ ልቧ መሰለው። የዚያ መንገድ ሾፌሮች ሲተላለፉ ሰላም የሚባባሉት በክላክስ ነው። ወዳጅ ያለፈው መስሎት እርሱም መልሶ ክላክስ አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

«ጭራሽ ሰላምታ ሰጠኸኝ» አለ ሸበቶው፣ ፈገግ ብሎ። «ተገልብጬ ሳለሁ ቀና ብዬ 'ሰው ነክቼ አላውቅም' የሚለውን አነበብኩ። እውነትህን ነው፤ አልነካኸኝም።»

«ለምን አልከሰስከኝም?»

«ምን ብዬ? ታርጋህን አልያዝኩም። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መንገዱን ለካ፤ የሌላ መኪና ጭረት እኔ መኪና ላይ የለም። ብቻዬን የተገለበጥኩ ሰው ሆንኩ። 'ምን ጠጥተህ ነው?' አሉኝ። አረቦኑ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይጨምርብኛል። ያንተ ገና ዘንድሮ መጨመሩ ነው?»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር። ወዲያው ስሙ ተጠራ። በግራ እጁ ወንበሩን ተመርኩዞ ተነሣና ወደ ጸሐፊዋ ሄደ።

ሾፌሩ በሩ ላይ ቀረ። አፈረ። ሌላ ቃል ፈልጌለት አጥቻለሁ፤ አፈረ። ያ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እርሱን ያስጨነቀው የቀሩት ቀናት ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በስንት ክላክስ ሰላም ብሎ አልፏል? የትኛው ሰላምታ እንደነበረ፣ የትኛው እንዳልነበረ ማወቂያ የለውም። መዝገቡ ላይ ያለው እርሱ የነካው ብቻ ነው፤ ሌሎች እርሱን ላለመንካት የሆኑትን ማንም አልጻፈለትም።

ደላላው ከውጪ በእጁ ጠራው። አልወጣም። ተመልሶ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ፤ ተራው ሲደርስም ሙሉውን ከፈለ። በደስታ ከፈለ አልልሽም። ጭማሪው ያው ጭማሪ ነው፤ ለልጆቹ የክረምት ልብስ ያሰበው ገንዘብ ነበር፣ ሲቆጥረውም ፊቱ አልፈካም። ነገር ግን «እኔ ማንን ገጨሁ?» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ አልወጣም።

እንግዲህ ትርሲት፣ ሾፌሩ አንቺ ነሽ።

ሽማግሎቹ ወንድምሽን ይዘው መጥተው «ታሟል፤ ቤትሽ አስገብተሽ አስታሚው» ሲሉሽ ያልጠበቅሽው ጭማሪ መጣብሽ። «እርሱ ጠጥቶ ጉበቱን ባቃጠለ እኔ ምን አጠፋሁ?» አልሽ። ምንም። ተምረሻል፣ ሠርተሻል፣ ከማንም ደጅ አልቆምሽም። መዝገብሽ ንጹሕ ነው።

አሁን ደግሞ ቦይ ውስጥ የገባውን ልንገርሽ። አባታችሁ በሞተ ዓመት እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። እናትሽ ወንድምሽን አስከትላ መጣች። «ሁለቱን ማስተማር አቃተኝ፤ ሴቷን ላስቀራት ነው» አለችኝ። ይርጋ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣ ልጅ። «እኔ ልቅር፤ እርሷ ትማር» አለ። እናቱ አለቀሰች፣ እርሱ አላለቀሰም። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። የመልቀቂያውን ወረቀት የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር። ደብተርሽን ይዘሽ በወፍጮ ቤቱ ደጅ ስታልፊ ዱቄት በለበሰ እጁ ሰላም ይልሽ ነበር፤ አንቺም እጅሽን እያወዛወዝሽ ታልፊ ነበር። ትምህርት የጠላ መስሎሽ ነው ያደግሽው። ለእርሷ እንዳትነግሯት ብሎ እኔንም እናትሽንም ያስማለን እርሱ ነው፤ መሐላዬን ያፈረስኩት ዛሬ ነው።

የጠጣው በዚያ ምክንያት ነው ብዬ አልዋሽሽም። ስንቱ ትምህርት አቋርጦ ሳይጠጣ ኖሯል። መጠጡ የራሱ ጥፋት ነው፤ ማስታመሙም ቀላል አይሆንልሽም። እኔ ግን የጠየቅሽኝን መልሻለሁ። ያላጠፋ ሰው ለምን ይከፍላል ብለሻል፤ ሳያጠፋ የኖረው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ስለከፈለለት ሊሆን ይችላል።

ሽማግሎቹ በረንዳው ላይ ናቸው። ይርጋም አብሯቸው ተቀምጧል። ውጪና መልስሽን ንገሪያቸው።