ጋቢ የለበሰው ሶላር

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው እንጂ፤ ቅድም የመለሳችሁልኝማ እንቅልፍ እንቅልፍ ይል ነበር።

በድሮ ዘመን፣ ያን ያህል ድሮ እንኳ አይደለም፣ የእኔ ጥርስ ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ አያ ቢምረው የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። ማረሻ ይሠራል፣ ማጭድ ይስላል። ሰዉ ማረሻውን ይወስድና ዓይኑን ይፈራል። «ቡዳ ነው» ይሉታል። ልጅ የታቀፈች ሴት ስታገኘው ልጇን በነጠላ ሸፍና ታልፋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ለምዶት እንጂ ሳይከፋው ቀርቶ አይደለም።

በዚያው መንደር እትዬ ትብለጥ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አምና የገዛ ልጇን ስታዋልድ ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ ጠፋባት። በጨለማ ስትዳብስ ሕፃኑ ሞተባት። ዘንድሮ ልጇ እንደገና አረገዘችና ትብለጥ እንቅልፍ አጣች። ከዚያም ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ቀጥቃጩ ቤት ሄደች።

፦ ቢምረው፣ የማይጠፋ መብራት ሥራልኝ።

፦ እሞክራለሁ፣ እትዬ።

ያን ሰሞን ሶላር የጫነ መኪና ገደል ገብቶ ነበር። ሰዉ ገመዱንና ጣውላውን ሲሻማ ስብርባሪውን ትቶት ሄደ። ቢምረው ስብርባሪውን ለቀመ። ቁራጩን ከቁራጩ በቀጭን ሽቦ አያያዘና በየደ። በአሮጌ የመስኮት ፍሬም ላይ ደረደረው፣ በመስታወት ከደነው፣ ዝናብ እንዳይገባ ዙሪያውን በሙጫ ደፈነው። ከዚያም ከአሮጌ የመኪና ባትሪና ከአንድ አምፖል ጋር አገናኘው። ፀሐይ ላይ አዋለውና ሲመሽ አምፖሉ ቦግ አለ።

ትብለጥ እየመረቀች ወሰደችውና ጣራዋ ላይ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

፦ አይበራም።

ቢምረው ደጁ ላይ አዋለው፣ በራ። መልሶ ሰጣት። እሷ ቤት እምቢ አለ። ሽቦውን ፈትቶ እንደ አዲስ ሠራው። አሁንም እሱ ቤት ይበራል፣ እሷ ቤት ይጠፋል። መንደሩ ታዲያ ምን ይበል? «ራሱ ሠርቶ ራሱ በላው» አለ። የልጅቷም የመውለጃ ቀን ደርሷል።

ቢምረው አንድ ቀን ሳይጠራ በቀትር ትብለጥ ቤት ሄደ። ቀና ቢል፣ ሶላሩ ጋቢ ለብሷል! ዳር ዳሩ ድንጋይ ተጭኖበታል። ለካ ትብለጥ ዓይን እንዳይበላባት ጎህ ሲቀድ ትሸፍነዋለች፣ ሲመሽ ሰው አያየውም ብላ ትገልጠዋለች!

፦ ምነው እትዬ? ፀሐይ ካላየው በምን ይበራል?

፦ ሰው እንዳያየው ብዬ ነው።

፦ የትኛው ሰው?

ትብለጥ መሬት መሬት አየች። ሰውየው እሱ ራሱ እንደሆነ ቢምረው ገባው። ጣራው ላይ ወጣና ጋቢውን ገፈፈ። ወርዶም እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናነበው።

፦ መሸፈን ካለበትማ እኔ ልሸፈን። እሱን ይተዉት፣ ፀሐይ ይሙቅ።

እንደተከናነበም አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ልጅቷን ምጥ ያዛት። አምፖሉ ቦግ አለ። ትብለጥ አምና ያላየችውን ዘንድሮ አየች፤ እትብቱ ሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሟል። ፈጥና ፈታችው። ሕፃኗም አለቀሰች።

ትብለጥ ሕፃኗን እንደታቀፈች ወጣች። ቢምረው አሁንም ተከናንቦ ተቀምጧል። ጋቢውን በገዛ እጇ ከፊቱ ላይ ገለጠች።

፦ ቢምረው፣ ቀና በል። እያት።

እሱም ቀና ብሎ፣ እስኪጠግብ ተመለከታት።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፣ ሳወራ የደረቀ አፌንም በዚያ ትኩስ ቂጣ አብሱልኝ።