መሪው የቀለለበት ሹፌር

አንድ መኪና የሌለው ሹፌር ነበር። መክብብ ይባላል። የሚነዳው አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ጌም ቤት፣ የእሽቅድምድም መኪና በሚመስል ሲሙሌተር ላይ ተቀምጦ ነው። ከፊቱ ትልልቅ ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ እጁ ላይ ያለው መሪ ደግሞ ዝም ብሎ የሚዞር ፕላስቲክ አይደለም። ውስጡ ሞተር አለው። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ ኩርባ ላይ ይከብዳል፣ እጅን እየጎተተ ይታገላል። ምን ያህል ይክበድ፣ ምን ያህል ይንቀጥቀጥ የሚለውን ነጂው ራሱ በሴቲንግ ይወስናል።

የመክብብ ጣጣ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ነገርን እንዳለ መተው አይሆንለትም። ምግብ ቤት ሲገባ ወንበር ሳይቀይር አይበላም፤ ያዘዘውንም አስተናጋጁ ፊቱን ሳያዞር ይለውጣል። መሪው ላይ ደግሞ ባሰበት። ግማሽ ዙር ይነዳና ይቆማል። «ቀለለኝ» ይልና ይጨምራል። ትንሽ ሄድ ሲል ትከሻውን ያመዋል፤ ይቀንሳል። አንድ ቀን የአንድ የውጭ ሻምፒዮን ሴቲንግ ከኢንተርኔት አገኘና እንዳለ ገለበጠው። የሻምፒዮኑ ክንድ የእሱን እጥፍ መሆኑ ትዝ ያለው የእጁ አንጓ ሲያብጥ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ፈጣን ነበር። ማንም አይክደውም፤ ያላመነው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን የከተማው የእሽቅድምድም ክለብ ነጂው በወገብ ሕመም አቆመበት። ክለቡም እውነተኛውን መኪና የሚረከበውን ሰው በሲሙሌተር አወዳድሮ ሊመርጥ ወሰነ። መራጩ ጋሽ ደምሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ስንት ውድድር የነዱ፣ አሁን የክለቡ አሰልጣኝ የሆኑ ሰው። መክብብ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህን ነው። ጎማው በእውነት የሚሸት፣ ሞተሩ በእውነት የሚግል መኪና። ወሬውን ከሰማ ጀምሮ መቀመጥ አቃተው። ይነዳል፣ ይቆማል፣ ይለውጣል፣ ይመልሳል፤ ትናንት የተሻለ የነበረው የቱ እንደሆነ እንኳ ጠፋበት።

ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ተሸንፈው ወጡና በመጨረሻ ሁለት ሰው ቀረ፤ መክብብና እዚያው ጌም ቤት አብራው የምትነዳው ሰብለ። ሕጉ ቀላል ነው። ሁለቱም በየተራ በዚያው መሪ ትንሽ ይለማመዳሉ፣ ከዚያ ሰዓት ተይዞባቸው አንድ ዙር ይነዳሉ። ፈጣኑ መኪናውን ይወስዳል። ዕጣው መጀመሪያ ለመክብብ ወጣ።

ገና ከመቀመጡ የመሪውን ኃይል እስከ ጥግ ሰቀለው። ጋሽ ደምሰው ከኋላው ቆመው ያያሉ።

«ለምን ጨመርከው?» አሉት።

«መንገዱን በደንብ እንዲነግረኝ ነው ጋሼ።»

«እሺ፣ አሁን ምን እያለህ ነው?»

ትንሽ ነዳና ላቡን ጠረገ። «ከባድ ነው። ሁሉም ቦታ ከባድ ነው።»

«የመሪው ሞተርም የአቅም ልክ አለው እኮ ልጄ። ሁሌ ጩኽ ካልከው ጠጠሩንም ግንቡንም በአንድ ድምፅ ነው የሚነግርህ። ቀንስለት፤ ከቀነስክ በኋላ ግን ተወው፣ እጅህ ይልመደው።»

መክብብ ቀነሰ። መተው ግን አልቻለም። ትንሽ ቀነሰ፣ ትንሽ ጨመረ፣ የንዝረቱን ነካ፣ መልሶ አጠፋው። ኩርባ ሊለማመድበት የተሰጠው ጊዜ ሴቲንግ ላይ አለቀ። «በቃ፣ ጀምር» ሲባል እጁ ገና መሪው ላይ ባለው የሴቲንግ ቁልፍ ላይ ነበር።

ያን ዙር ያዩ ሰዎች እንዲያ ነድቶ አያውቅም ይላሉ። እንዳጋጣሚ የተወው ሴቲንግ ደህና ነበር። መሪው ያወራዋል፣ እጁም ይሰማል፤ አንዱን ኩርባ ከሌላው እያያያዘ በረረ። የቀረው ከድልድዩ በኋላ ያለው የመጨረሻው ኩርባ ብቻ ነው። እሱንም በሙሉ ፍጥነት ገባበት። ያኔ መሪው እጁ ላይ ድንገት ቀለለ።

ይኸው፣ አላልኩም፣ ሴቲንጉ ተበላሽቷል ብሎ አሰበ። አውራ ጣቱ ሳያስበው መሪው ላይ ወዳለው የኃይል መጨመሪያ ሄደ። ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። እግሩ ግን ነዳጁን እንደረገጠ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄዶ ከግንቡ ጋር ተላተመ።

መክብብ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«ቀለለብህ?» አሉት ጋሽ ደምሰው ቀስ ብለው።

«ቀለለብኝ፤ ስለዚህ ጨመርኩ።»

«የቀለለው እኮ የፊት ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ስለነበረ ነው። ነዳጁን ልቀቅ እያለህ ነበር። ደህና አድርጎ ነገረህ፤ አንተ ግን እሱን ልታስተካክል ሄድክ።»

መክብብ ተነሥቶ ወንበሩን ለሰብለ ለቀቀ።

እሷ ቀስ ብላ ተለማመደች፣ ተራዋ ሲደርስም ነዳች። እንደ እሱ አልበረረችም። ድልድዩን አልፋ መሪው ሲቀልባት እግሯን አነሣች፣ ጎማው መሬቱን ሲይዝላት ቀጠለች፣ ጨረሰች። መኪናው የእሷ ሆነ። መክብብ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ቀረብ አለና አላስችል ብሎት ጠየቃት።

«ሴቲንጉን ስንት ላይ አደረግሽው?»

«አልነካሁትም» አለችው። «አንተ መጨረሻ ላይ ጨምረህ በተውከው ነው የነዳሁት። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ ኋላ እጄ ለመደው።»

ከመሸነፉ ይልቅ ያንገበገበው ይህ ነው። የሚፈልገው ነገር እጁ ላይ ነበር።

እኛም ከመክብብ ብዙ አንርቅም። ወዳጅ ፊቱን ሲያጠቁርብን ወዳጅ እንቀይራለን፤ ሰውነታችን ደከመኝ ሲለን ማስታገሻ ውጠን ዝም እናሰኘዋለን። ነጋሪው ላይ እጃችን ፈጣን ነው፤ የነገረንን ለማድረግ ግን እግራችን ይከብዳል። ዕረፍት ያጣ ሰው ትልቁ ኪሳራ ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስጠነቅቀውን ሁሉ እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ሰሞኑን እጅህ ላይ የቀለለብህ ነገር ምንድን ነው? ቁልፉን ልትጫን ነው፣ ወይስ እግርህን ልታነሣ?