የአቶ አሻግሬ ምርቃት

አቶ አሻግሬ መጀመሪያ ወረዳውን፣ ቀጥሎ ዞኑን አስተዳደሩ። በመጨረሻም የክልል ቢሮ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በሽኝታቸው ቀን ሽማግሌዎች መረቋቸው። እሳቸው ግን ይህ አልበቃቸውም። በየስብሰባው የምትነቅፋቸውን ጠላ ሻጭ አስጠሩ።

«አንቺም በሕዝብ ፊት መርቂኝ። እምቢ ካልሽ ጠላ ቤትሽ ነገ ይታሸጋል» አሏት።

ሴትየዋ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ጠላ ቤት ነው።

«ምን ከፋኝ ጌታው» አለችና እጆቿን ዘረጋች። «እርስዎ እኛን እንዳስተዳደሩን፣ የበላይዎም እርስዎን እንዲሁ ያስተዳድርዎ። ደጁን ሲጠኑም፣ እርስዎ እኛን እንዳስተናገዱን ያስተናግድዎ።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ በሙሉ።



«ምነው አሜን አይሉም ጌታው?» አለች ሴትየዋ። «ክፉ አስተዳድረውን ነበር እንዴ?»